ታይሊንግ ምንድን ነው?

ታይሊንግ ማለት ኮምፒውተር ላይ የተከፈቱ መስኮቶችን ሳይደራረቡ፣ ጎን ለጎን ወይም ከላይና ከታች አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የኮንዶሚኒየም ወለል ላይ ሴራሚክ ሲነጠፍ እንደሚሆነው፣ አንዱ በሌላው ላይ አይወጣም፤ መሃሉም ባዶ አይቀርም። ዊንዶውስ ላይ ይኸው ነገር ስናፕ ይባላል።

ጥቅሙን በዓይን ማየት የሚፈልግ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ካሉት የጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበል። ደንበኛው በእጁ የጻፈውን ማመልከቻ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ልኳል። ጸሐፊዋ ፎቶውን ትከፍታለች፣ አንድ መስመር ታነባለች፣ ወደ ወርድ ትመለሳለች፣ ትተይባለች። ከዚያ እንደገና ወደ ፎቶው። የቱ ጋ ነበርኩ ብላ መስመሩን ትፈልጋለች። ጣቷ ፈጣን ነው፤ ጊዜዋን የሚበላው ምልልሱ ነው። ፎቶው በግራ፣ ወርዱ በቀኝ ቢቀመጥ ግን የሚመላለሰው ዓይኗ ብቻ ይሆናል።

ነገሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ሰው መስኮት በቀየረ ቁጥር ያነበበውን በጭንቅላቱ ይዞ መሻገር አለበት። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አኃዝ ነው። ከአንዱ መስኮት አንብቦ ሌላው ላይ ሲጽፍ ሁለት አኃዝ ቦታ የተቀያየረበት ሰው፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቢሮው ዳግመኛ ይሄዳል። ከከተማው ዳር ለሚነሳ ሰው ደግሞ ይህ ማለት ታክሲ ተሰልፎ ግማሽ ቀን ማቃጠል ነው። ሁለቱ መስኮቶች አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ ግን ቁጥሩን ማስታወስ አያስፈልግም። እያዩ ይጽፋሉ፤ ጽፈው ያመሳክራሉ።

ሐሳቡ ዛሬ የመጣ አይደለም። በፈረንጆቹ 1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ መስኮቶችን ጎን ለጎን ብቻ ነበር የሚያስቀምጠው። መደራረብ የተፈቀደው በ1987 በዊንዶውስ 2 ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አብዛኛው ሰው መስኮት በመስኮት ላይ እየከመረ ሠራ። ስናፕ በ2009 ከዊንዶውስ 7 ጋር መጣ። ማክም በ2015 ስክሪንን ለሁለት መክፈል ጀመረ፤ በ2024 ደግሞ ሴኮያ በተባለው የማክ ሥርዓት እትም ይበልጥ አሰፋው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ተጭነው የግራ ቀስትን ይንኩ፤ መስኮቱ የስክሪኑን ግራ ግማሽ ይይዛል። የተቀሩት ክፍት መስኮቶች በቀኝ በኩል በትንንሹ ተደርድረው ይታያሉ። ከእነሱ አንዱን ሲመርጡ ያ ሌላውን ግማሽ ይሞላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዊንዶውስ 11 ያለው ሰው የዊንዶውስን ቁልፍና ዜድን አብሮ ቢጫን የተዘጋጁ አቀማመጦች ይመጡለታል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ግን ትልቁ ጥቅም ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው እላለሁ፤ ግማሽ በግማሽ መክፈል ብዙ ጊዜ ትክክለኛው አከፋፈል አይደለምና። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ላፕቶፕ ስክሪኑ 1366 በ768 ፒክስል ነው። ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ መስኮት 683 ይደርሰዋል። በዚህ ስፋት ብዙ ድረ ገጾች ስልክ ላይ የተከፈቱ መስሏቸው መልካቸውን ይቀይራሉ፤ ኤክሴልም ጥቂት ዓምድ ብቻ ያሳያል። ሰውም «ስክሪኔ ትንሽ ስለሆነ አይሆንልኝም» ብሎ ይተወዋል። መተው የለበትም። በሁለቱ መስኮቶች መካከል ያለውን መስመር በማውስ ይዞ መጎተት ይቻላል፤ አንዱ ሲጠብ ሌላው ይሰፋል። የሚነበበውን ማጥበብ፣ የሚጻፍበትን ማስፋት ነው።

የአንድ ሱቅ ሒሳብ ቤቷ ሆና የምትሠራ ሴት እናስብ። የባንክ ስቴትመንቱ ፒዲኤፍ ነው። ከእሱ የሚያስፈልጋት ቀኑ፣ መግለጫውና የብሩ መጠን ነው። ስለዚህ የስክሪኑ ሲሶ ይበቃዋል። ቀሪው ለኤክሴል ይሁን። ፊደሉ ከተለቀ ኮንትሮልን ይዞ የመቀነስ ምልክቱን መንካት የፒዲኤፉን ገጽ ያሳንሰዋል። ኤክሴል ላይ ደግሞ ኮንትሮልን ይዞ የማውሱን ጎማ ወደ ኋላ ማዞር ይበቃል። እንዲህ ተስተካክሎ በትንሽ ላፕቶፕ የወር ሒሳብ ያለ ጭንቀት ይሠራል።

ስክሪኑን ለአራት መክፈልም ይቻላል፤ መስኮቱ ግራ ከያዘ በኋላ የላይ ቀስትን መጨመር ነው። በ14 ኢንች ላፕቶፕ ላይ ግን አልመክርም። አራቱም ይታያሉ እንጂ አንዳቸውም አይነበቡም። ሁለት በቂ ነው፤ ሦስት ከሆነ ትልቅ ሞኒተር ይፈልጋል።

ሌላው አጥብቄ የምለው፣ ለቴሌግራም ማዕዘን አትስጡት። ለሥራው የሚያስፈልግ ፋይል ካልመጣበት በስተቀር ከሥራ አጠገብ የሚያስቀምጠው ምክንያት የለም። ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ወዳለበት መሄዱ አይቀርም። የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና ዲን አብሮ መጫን ሁለተኛ ዴስክቶፕ፣ ማለትም በዚያው ስክሪን ላይ ሌላ ባዶ የሥራ ገጽ፣ ይከፍታል። ቴሌግራምና ሙዚቃ እዚያ ይቀመጡ። የዊንዶውስን ቁልፍና ኮንትሮልን ይዞ ቀስት በመንካት በሁለቱ መካከል መመላለስ ይቻላል።

ከመርካቶ ያገለገለ ሞኒተር ገዝቶ ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘት ለቻለ ሰው ነገሩ የበለጠ ይሰፋል፤ የሚነበበው በአንዱ፣ የሚጻፈው በሌላው። ችግሩ መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሞኒተሩ ግን ይጠፋል። ዊንዶውስ 11 የመስኮቶቹን ቦታ ያስታውሳል። ሴቲንግ ውስጥ፣ ዲስፕሌይ ላይ ምርጫው ከበራ፣ ሞኒተሩ ሲመለስ እነሱም ወደነበሩበት ይመለሳሉ። በዊንዶውስ 10 ግን መስኮቶቹ ላፕቶፑ ላይ ተጠራቅመው ሊቀሩ ይችላሉ። ያኔ የዊንዶውስን ቁልፍና ሺፍትን ይዞ ቀስት መንካት አንዱን መስኮት ወደ ሌላው ስክሪን ያሻግረዋል።