ባለ ክር የሳር ማጨጃ በጅማ ግቢዎች

ባለ ክር የሳር ማጨጃ ስለት የለውም። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የሚሽከረከረው ጭንቅላት የናይለን ክር ይጎትታል፤ ክሩ በሽክርክሪቱ ኃይል ተወጥሮ ሳሩን እየመታ ይቆርጠዋል። ሐሳቡን በ1971 እ.ኤ.አ. ያመጣው የአሜሪካዋ ሂዩስተን ነዋሪ ጆርጅ ባላስ ነው። የመኪና ማጠቢያ ብሩሾችን ሽክርክሪት አይቶ፣ በጣሳ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር አስሮ ሞከረው።

ጅማ ላይ ሳር ፋታ አይሰጥም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ዝናቧ ከበልግ እስከ መስከረም የሚዘልቅ በመሆኗ በክረምት የታጨደ ግቢ ብዙ ሳይቆይ መልሶ በሰርዶ ይሸፈናል። ማሽኑ የሚጠቅመው በተለይ ማጭድ በማይመችባቸው ቦታዎች ነው፦ በአጥር ሥር፣ በቦይ ዳር፣ በድንጋይ ደረጃ ስንጥቅ። የቆርቆሮ አጥርና የእሾህ ሽቦ ግን ክሩን ቶሎ ይበሉታል፤ ስለዚህ ትንሽ ራቅ ብሎ ማጨድ ይሻላል።

የሚቆርጠው የክሩ ጫፍ ብቻ ነው። ጭንቅላቱን ሳሩ ውስጥ የሚቀብር ሰው ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ክሩንም ይጨርሳል። ጉልበት የደረሰ ሳር ከላይ ወደ ታች በየደረጃው ይቆረጣል እንጂ አንዴ ከሥሩ አይነካም። ብናኙ ወደ የት እንደሚበር አይቶ፣ ወደ ታጨደው በኩል እንዲወድቅ አድርጎ መወዛወዝ ሥራውን ያቀላል። እርጥብ ሳር ጭንቅላቱ ላይ ይጠመጠማል፤ ጤዛው ከረገፈ በኋላ መጀመር፣ የተጠመጠመውንም ሞተሩን አጥፍቶ ማላቀቅ ያስፈልጋል።

የቤንዚኑ ማሽን በአብዛኛው ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለሆነ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ይቀላቀላል። መመሪያው 50 ለ1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ካለ 40 ሚሊ ሊትር ነው። ያለ ዘይት የተነሳ ሞተር ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ይጣበቃል። የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ረጅም ሱሪና ቦት ጫማ ግድ ናቸው፤ ጠጠር እንደ ጥይት ይወረወራልና ማሽኑን ለማየት የሚሰበሰቡ ልጆች 15 ሜትር ያህል መራቅ አለባቸው።

የጅማን ግቢ ከሌላው የሚለየው ግን ቡናው ነው። ክሩ የቡናን ግንድ ከሥሩ አንዴ ከላጠው፣ ቡናን የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ በቁስሉ በኩል ይገባል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቅርንጫፉ ይራቆታል፣ ዛፉም ይሞታል። በማጭድ ወይም በዶማ የደረሰ ቁስልም እንዲሁ ነው፤ ማሽኑ የሚብሰው ሰውየው ሳያውቀው በየግንዱ ዙሪያ ቁስል እያዳረሰ መሄዱ ነው። ልጡ ዙሪያውን ከተላጠ ለጋ አቮካዶም አይተርፍም። በቡናው ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ቦታ በእጅ መታረም አለበት፤ ማሽኑ ከዚያ ውጭ ይሥራ። ይህን ለቀን ሠራተኛው አስቀድሞ ሳያሳዩ ማሽን ማስያዝ ዓመታት የተለፋበትን ዛፍ ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ላም ያለው ቤት ደግሞ የሚያበላውን ሳር በማጭድ ይጨድ። ማሽኑ ሳሩን ያደቀዋል፣ የሚበጣጠሰው የናይለን ክርም ከሳሩ ጋር ይቀላቀላል፤ የተዋጠ ፕላስቲክ በከብት ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም። ለቡና ሥነ ሥርዓት የሚጎዘጎዘው ሳርም ርዝመቱን እንደጠበቀ የሚገኘው በማጭድ ነው።