አንድምታ ምንድን ነው?

ደሴ ላይ አንድ ኦርቶዶክስና አንድ ጴንጤ በሃይማኖት ከተያያዙ ሮሜ 8፥34 ላይ መድረሳቸው አይቀርም። ጴንጤው የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ «ስለ እኛ የሚማልደው ክርስቶስ ኢየሱስ ነው» ብሎ ያነብለታል። ኦርቶዶክሱም «አማርኛውን ብቻ ይዘህ አትሩጥ፤ ግእዙን የሚያውቅ መምህር ጠይቅ፣ አንድምታውን ተመልከት» ይላል። «የእግዚአብሔር ቃል እያለ የሰው አንድምታ ምን ያደርግልኛል?» ይመጣል መልሱ። ከዚህ በኋላ ጥቅሱ ተረስቶ ክርክሩ «ማን ይተርጉም?» ወደሚለው ይዞራል። የሚገርመው ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አንድምታ ገልጠው ላያውቁ ይችላሉ።

አንድምታ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶች የሚሰጥ የመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። መምህሩ አንዱን ፍቺ ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሻገር «አንድም» ስለሚል ስሙ ከዚያ ወጣ። ንባቡ ግእዝ፣ ትርጓሜው አማርኛ ነው። ትምህርቱ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ይከፈላል፤ አራቱንም የዘለቀ የአራት ጉባኤ መምህር ይባላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ትምህርቱ የሚሄደው እንዲህ ነው። መምህሩ ይቀመጣል፤ ተማሪው ግእዙን ያነባል፤ መምህሩ በአማርኛ ይፈታዋል፣ ታሪኩን ያመጣል፣ ምሥጢሩን ያብራራል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላውን ፍቺ ያስከትላል። ጉባኤው ሲበተን ተማሪዎቹ የሰሙትን እርስ በርስ ይቀጽላሉ፣ ማለትም እንዳይጠፋቸው ይደጋግሙታል። ይህ ሁሉ ለብዙ ዘመን በቃል ሲወርድ ኖሮ ነው ወደ ማተሚያ ቤት የደረሰው። ጎንደር ላይ በመምህር ኤስድሮስ ዘመን ትርጓሜው የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎ በሁለት ወገን እስከ መለየት ደርሷል። «ቤተ ክርስቲያን አንድ ፍቺ ሰጥታ ዘጋችው» የሚል ሰው ይህን ቢያስብበት ደግ ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ሉቃስ ምዕራፍ 10 ላይ ወንበዴዎች የደበደቡትን መንገደኛ ሳምራዊው አንሥቶ ማደሪያ ያደርሰዋል፤ በማግሥቱም ለማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ «ከዚህም በላይ የምትከስረውን ሁሉ እኔ ስመለስ እከፍልሃለሁ» ይለዋል። የመጀመሪያው ፍቺ ግልጽ ነው፤ የተቸገረን መርዳት፣ ጠላት የምትለውንም ሰው ባልንጀራ ማድረግ። አንድም፦ መንገደኛው አዳም፣ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ። የማደሪያው ባለቤትስ? መምህራን ናቸው። «ከዚህም በላይ» የተባለው ደግሞ እነርሱ ከሁለቱ ኪዳናት ተነሥተው ደክመው የሚጨምሩት ትምህርት ነው።

እንግዲህ መምህሩ የራሱን ቦታ እዚያው ትርጓሜው ውስጥ አስቀምጦታል። ጴንጤው ይህን ሰምቶ «ይኸው ራሳችሁን ጻፋችሁበት!» ቢል አልፈርድበትም። ግን ምሳሌው መምህሩን የት እንዳስቀመጠው ልብ ይሏል፤ ቁስለኛው የእርሱ አይደለም፣ ዲናሩም የእርሱ አይደለም፣ ሲመለስ የሚተሳሰበው ጌታ አለ። ደግሞም ሁለተኛው ፍቺ መጣ ተብሎ የመጀመሪያው አልተሻረም።

ወሎ ለዚህ ጉዳይ ባዳ አይደለም። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ ሥላሴ መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው መጻሕፍት አስተምረዋል፤ ደሴ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። እዚያው ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ ሊቃውንቱን ሰብስበው አከራከሩ። ከክርክሩ ሥር የነበረው የሐዋርያት ሥራ 10፥38ን የመሰለ ቃል ነው፦ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ «ቀባው» ማለት ምን ማለት ነው? ካራ የሚባሉት ሊቃውንት ወልድ ራሱ ቅብዕ (ቅባት) ነው አሉ፤ ሦስት ልደት የሚሉት፣ ማለትም ክርስቶስ ከአብና ከማርያም ከመወለዱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስም ተወልዷል የሚሉት የሸዋ ሊቃውንት ቅባቱን ከጸጋ ልጅነት ጋር አያያዙት።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ወገን የያዘው ያንኑ የግእዝ መጽሐፍ ነበር። «የእናንተ ትርጉም ተበላሽቷል» የሚል አልነበረም፤ ሁሉም ግእዙን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፣ ሁሉም የመምህር ልጅ ነበር። ግን አልተስማሙም። ነገሩን የቋጨውም የትርጓሜ ብልጫ ብቻ አይደለም፤ ከእስክንድርያ የመጣ የፓትርያርክ ደብዳቤ ተነበበ፣ ንጉሡም ለካራዎቹ ፈረዱ። በዚያው ሰሞን ለወሎ ሙስሊሞችም የመጠመቅ ትእዛዝ ወጣ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። ስለዚህ «ግእዙን ብናውቅ ኖሮ ክርክር አይኖርም ነበር» የሚለውን ቦሩ ሜዳ አይደግፈውም።

«ያለ መምህር አይሆንም» የሚለው ወገን የሐዋርያት ሥራ 8ን ይጠቅሳል፤ ኢሳይያስን ሲያነብ የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ፊልጶስን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎታል። ሌላው 1ኛ ዮሐንስ 2፥27ን ያመጣል፤ ማንም ሊያስተምራችሁ አያስፈልጋችሁም ይላል። የቤርያ ሰዎችም ጳውሎስ የነገራቸውን እንኳ መጻሕፍትን እየመረመሩ ነው የተቀበሉት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግእዝ የማያውቅ ምእመን የሰማውን የሚመዝንበት ሚዛን ከሌለው ከመምህሩ ጋር ይሳሳታል።

«እኔ ግን ቃሉን በቀጥታ ነው የማነበው» የሚለው አነጋገር አይዋጥልኝም። የ1954ቱን ከዕብራይስጥና ከግሪክ የመለሱት ሰዎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ የቱ ቃል ይሁን ብለው መርጠዋል። አዲሱን መደበኛ ትርጉም የያዘ ሰው ዓይኑን ወደ ግርጌው ዝቅ ቢያደርግ «ወይም» ብሎ ሌላ አማራጭ የሚሰጥ ማስታወሻ ያገኛል። ያቺ «ወይም» የአንድም ታናሽ እህት ናት። ልዩነቱ ተርጓሚው ከግርጌ፣ መምህሩ ከመካከል መቀመጣቸው ነው።

ለነገሩ ዳና ወይም ጃማ ንጉሥ በተባሉት የወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ኪታብ የቀራ (መጽሐፍ የተማረ) ወሎዬ ሙስሊም ይህን ሁሉ ለመረዳት አይቸገርም። ደረሳው (ተማሪው) ዐረብኛውን ያነባል፣ ሸኹ በአማርኛ ይፈታል፤ ማን ከማን እንደ ቀራም ይጠየቃል።

ራሱ አይቶ መፍረድ ለሚፈልግ ሰው የታተመ የወንጌል አንድምታ መንፈሳዊ መጻሕፍት ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። አማርኛው የጥንት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያንገዳግዳል፤ «ምነው ቢሉ» ሲል ጥያቄ እያነሣ መሆኑን፣ «ሐተታ» ሲል ከንባቡ ወጥቶ ማብራሪያ መጀመሩን ማወቅ ግማሹን ችግር ያቃልላል። ከማቴዎስ መጀመር ይሻላል፤ በሕዝቅኤል የጀመረ ግን ቶሎ ይሰለቸዋል።