«ሐሰተኛ ማንነት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን «ሐሰተኛ ማንነት» የማይል ሰው የለም። አነቃቂ ንግግር ላይ አለ፤ ቲክቶክ ላይ አለ፤ የፍቺ ወሬ ላይ ሳይቀር አለ። «ሐሰተኛ ማንነቴን ጥዬ ራሴን አገኘሁ» ይላል ሰው። እሰየው እንላለን። ቀጥሎ የሚነግረን ግን ዘመድ መጠየቅ ማቆሙን፣ ለቅሶ መድረስ መተዉንና የመጣለትን ሁሉ ፊት ለፊት መናገር መጀመሩን ነው። በቅርቡ ደግሞ አንድ ተናጋሪ «ሐሰተኛ ማንነት ማለት ይሉኝታ ነው፤ ዛሬውኑ ቅበሩት» ሲል ሰማሁና ትዕግሥቴ አለቀ። ሥራዬ የሥነ ልቦና ምክር ነው። ቃሉ የወጣው ከኛ ሰፈር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስለ ፍሮይድና እሱ ስለ መሠረተው ሳይኮአናሊሲስ (ሰውን በማናገር ከውስጡ የተደበቀውን የሚፈልግ ሕክምና ነው) ከሀ አልጀምርም። ቃሉን በዚህ መልክ ያስለመደው እንግሊዛዊው ዶናልድ ዊኒኮት ነው። የሕፃናት ሐኪምም ሳይኮአናሊስትም ነበር። ለንደን ውስጥ ፓዲንግተን ግሪን በሚባል የሕፃናት ሆስፒታል 40 ዓመት ያህል ሠርቷል። ሐሳቡን ሰብሰብ አድርጎ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። መነሻው እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

ሕፃኑ ጡጦ እየጠባ ነው እንበል። ይጠግብና ፊቱን ያዞራል። አንዷ እናት ጡጦውን ታወርዳለች። ሌላዋ «ትንሽ ነው የቀረችው» ብላ አገጩን ይዛ መልሳ አፉ ውስጥ ትከተዋለች። አንድ ቀን ቢሆን ችግር የለውም። በየቀኑ፣ በሁሉም ነገር ሲሆን ግን ሕፃኑ አንድ ነገር ይገባዋል፤ የሱን ምልክት የሚያነብለት የለም፣ የሚያዋጣው የሷን ማንበብ ነው። ያድጋል። አያስቸግርም። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይባላል።

እዚህ ላይ እናቶች ላይ እንዳትዘምቱ። ዊኒኮት ራሱ ፍጹም እናት አልጠየቀም፤ በቂ የሆነች እናት ትበቃለች ነው ያለው። ደግሞ እኛ ጋ ልጅ በእናት ብቻ አያድግም፤ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ሞግዚት አለች። ሐሳቡም የመጣው ሕፃናትን ከማየትና ከሕክምና ክፍል ነው፤ በቤተ ሙከራ ተለክቶ የተረጋገጠ ነገር አድርጋችሁ አትውሰዱት። የበሽታ ስምም አይደለም። ማንም «ሐሰተኛ ማንነት አለብህ» ብሎ የምርመራ ወረቀት ሊጽፍልህ አይችልም።

ዊኒኮት ሐሰተኛ ማንነት ያለው ይህን ታዛዥ ገጽታ ነው። ልብ በሉ፤ ውሸታም አላለውም። ሥራው ከኋላው ያለውን እውነተኛ ማንነት መጠበቅ ነው። የግቢ ዘበኛ አስቡ። በር ላይ ቆሞ «ማንን ፈልገው ነው?» ይላል። የማያውቀውን ያቆማል፤ የሚያውቀውን ያስገባል። ባለቤቱ ተኝተው ከሆነ «የሉም» ይላል። እውነት አይደለም፤ ግን ሰውየው እንዲያርፉ ነው።

ነገር የሚበላሸው ዘበኛው ከበር ሲነሣ ነው። ሳሎን ገብቶ እንግዳ ይቀበላል። የባለቤቱን ኮት ለብሶ ሰርግ ይሄዳል። በስማቸው ይፈርማል። ሰፈሩ «እንዴት ያሉ የተከበሩ ሰው ናቸው» ይላል፤ የሚያወራው ስለ ዘበኛው ነው። ባለቤቱ ጓዳ ናቸው። እየቆየ ዘበኛው ራሱ ጓዳ ውስጥ ሰው መኖሩን ይረሳል። ምክር ፍለጋ የሚመጡ አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ናቸው። ዲግሪው አለ፣ ትዳሩ አለ፣ መኪናው አለ፣ ሁሉም ይወዳቸዋል። «ግን የምኖረው እኔ አልመስልህ ይለኛል» ይላሉ። ዊኒኮት በተለይ ያሳሰቡት እንዲህ ያሉት ጎበዞች ናቸው። ዓለም ባጨበጨበላቸው ቁጥር እነሱ የባሰ አስመሳይ የሆኑ ይመስላቸዋል።

«እኔም እኮ የምለው ይሄንኑ ነው፤ ዘበኛውን አባርሩት!» ይለኛል ያ ተናጋሪ። አይ ወንድሜ። ዘበኛው የተባረረበት ቤት በሩ ክፍት ያድራል፣ በቃ። ዊኒኮት ሐሰተኛ ማንነት ደረጃ አለው ብሏል። በአንደኛው ጫፍ ሰውን ሙሉ በሙሉ የተካው አለ። በጤነኛው ጫፍ ያለው ግን ተራ ጨዋነት ነው። ሰው ቤት ሄደህ እየራበህ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ባለቤቷ «በሞቴ» ትልሃለች። ሁለታችሁም ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ የተታለለ የለም። ለአዛውንት ብድግ ስትል እግርህ ዝሎ ሊሆን ይችላል። ብድግ በማለትህ አልጠፋህም።

መለያውንም አስቀምጧል። ጤነኛ ሰው በጥቃቅኑ ነገር ይስማማል፤ ዋናው ጉዳይ ሲመጣ ግን አይስማማም። ልጅቷ የአክስቷን ጉርሻ ሳትፈልግ ብትጎርስ ምንም አይደለም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ የማትፈልገውን ሰው «እሺ» ስትል ነው የሚያሳስበው። ይሉኝታ ሁለቱም ጋ አለ። ስለዚህ ይሉኝታን መቅበር ሁለቱን አይለይልህም። መጠየቅ ያለበት፣ ባለቤቱ ሲፈልጉ መውጣት ይችላሉ ወይ የሚለው ነው።

የደንበኞቼን ገመና አላወጣም። ማንም ቬሎ ቤት ገብቶ የሚያየውን ግን ልንገራችሁ። ሙሽራዋ ለብሳ ትወጣለች። ትልቅ መስታወት ፊቷ ቆሟል። መጀመሪያ የምታየው ግን የሚዜዋን ፊት ነው። ቀጥሎ ሚዜዋ ያነሣችውን ፎቶ። ፎቶው ለእህት ይላካል፤ መልስ እስኪመጣ ሁሉም ስልክ ላይ ያፈጣል። አከራይዋ «ተመቸሽ?» ስትላት «ያምራል አይደል?» ትላለች። የተጠየቀችው ስለ ምቾቷ ነበር። ወገቧ ጋ ያለው ዚፕ እየቆነጠጣት ሊሆን ይችላል፤ እሱን የምታውቀው የሰርጉ ዕለት ማታ ስታወልቀው ነው። (በዚህ ብቻ ሙሽራን አትመርምሩ። የሰርግ ሰሞን ማንም ሰው እንዲህ ይሆናል፤ ሰርግም ድሮውንም የሙሽሮቹ ብቻ ሆኖ አያውቅም።)

ገበያው እንዲህ ያለ ሰው ሲያገኝ ምን ይላል? «ራስሽን ሁኚ!» ሽቶው እንዲህ ይላል፣ ስልኩ እንዲህ ይላል፣ የፎቶ ፓኬጁ እንዲህ ይላል። ዘዴው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የፋሲካ ዕለት ኒውዮርክ ፊፍዝ አቬኑ ላይ ወጣት ሴቶች በሰልፉ መሃል ሲጋራ ለኮሱ። ሴት አደባባይ ላይ ማጨሷ ነውር በነበረበት ጊዜ ነው። ሲጋራው «የነፃነት ችቦ» ተባለ። ጋዜጦች ተቀባበሉት። ከጀርባ የነበረው ኤድዋርድ በርኔይስ የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ሰው ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ ሲጋራ አምራቹ አሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ። በርኔይስ የፍሮይድ የእህት ልጅ ነው። ያማከረውም ብሪል የሚባል ሳይኮአናሊስት ነው። ሙያችን እጁ አለበት፤ አያኮራም፣ ግን አለበት። እርግጥ ያ ሰልፍ ብቻውን ሴቶችን አጫሽ አላደረገም፤ በርኔይስ የራሱን ገድል ማግዘፍ የሚወድ ሰው ነበር።

የዛሬዎቹ «ይሉኝታን ቅበሩ» ባዮች ይሄን ታሪክ ቢያጤኑት ደስ ይለኛል። ነውሩን መጣስ የሴቶቹ የገዛ ፍላጎት ሊሆን ይችላል፤ መብታቸውም ነበር። ግን የድሮው ዘበኛ ከበሩ ዞር እንዳለ ሻጩ ኮፍያውን አጥልቆ ቦታውን ያዘ። ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለው ቀርቶ ተከታዮቼ ምን ይሉኛል ሲመጣም ያው ነው። ጎረቤቱ ቢያንስ ስትታመም ይጠይቅሃል።

ስለ ዘበኛው አንድ ነገር ላርም። ዘበኛ ከውጭ ይቀጠራል። ይሄኛው ግን ካንተው የተሠራ ነው፤ ስለዚህ «አባረርኩት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ዩኒፎርም ነው የቀየረለት። የድሮው ዘበኛ «እሺ ጌታዬ» ይል ነበር፤ የአሁኑ «እኔ ግልጽ ሰው ነኝ» እያለ ሰው ይሰድባል። ባለቤቱ አሁንም ጓዳ ናቸው።

«እሺ፣ እውነተኛው ማንነትስ?» ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ዊኒኮት የአነቃቂዎቹን ሆድ የሚያባባ መልስ የለውም። ሐሰተኛውን ለመረዳት ካልሆነ በቀር ስለ እውነተኛው መተንተን ብዙም አይጠቅምም ነው ያለው። እሱ የሚያወራው ሕያው ሆኖ ስለመሰማት ነው፤ ከልብ ምትና ከትንፋሽ የሚጀምር፣ ከሰውነት የሚነሣ ነገር። የምትወደው ቀለም፣ የተፈጠርክበት ሙያ፣ የሕይወት ዓላማህ ተጽፎበት የሆነ ቦታ የተቀመጠ ፋይል የለም። ስለዚህ በሦስት ቀን ሥልጠና ተፈልጎ አይገኝም።

እኔም «ማን ነህ?» ብዬ አልጠይቅም። «ወንበሩ ተመችቶሃል?» እላለሁ። አንዳንዱ መልሱን ፊቴ ላይ ይፈልገዋል። «ምንም አይልም» ይላል፤ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ እየገባች። መጋረጃውን ልዝጋው ወይስ ቦታ ትቀይራለህ እላለሁ። «እንደተመቸህ» ይላል። አልቸኩልም። አንድ ቀን ተነሥቶ ወንበሩን ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። ለኔ ያ ቀን ብዙ ሥራ የተሠራበት ቀን ነው። ቪዲዮ አይወጣውም።

አንድ ነገር ብቻ። ባዶነት የተሰማው ሁሉ የሐሰተኛ ማንነት ጉዳይ አለበት ማለት አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም ነገር ካላስደሰታችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ወይም መሞት ከታሰባችሁ ዊኒኮትን ተዉትና ጤና ተቋም ሂዱ፤ ድባቴ ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። የደም ማነስና የታይሮይድ ሆርሞን መዛባትም ሰውን እንዲሁ ያደክማሉ። እነሱን የደም ምርመራ ያሳያል፤ ከማንነት ሥልጠናም ይረክሳል።