«0 ረድፍ» ማለት «አልተሳካም» ማለት አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዌብ ፍሬምወርኮች (ድረ ገጽ ለመሥራት የሚያገለግሉ ዝግጁ የኮድ ማዕቀፎች) በዳታቤዝ ላይ የማሻሻያ ትእዛዝ ካስፈጸሙ በኋላ ትእዛዙ የነካቸውን ረድፎች ብዛት ይመልሳሉ። ቁጥሩ ግልጽ ስለሚመስል ምን እንደተቆጠረ ሳያጣሩ ውሳኔ የሚመሠርቱበት ፕሮግራመሮች ብዙ ናቸው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ መልሱ 0 ከሆነ ማሻሻያው ከሽፏል፣ ወይም ረድፉ የለም።

እውነታው፦ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ቅንብሩ ካልተነካ የሚቆጥረው መስፈርቱን ያሟሉትን ረድፎች ሁሉ ሳይሆን ይዘታቸው በእርግጥ የተለወጠውን ብቻ ነው። ተጠቃሚው በቅጹ ላይ ምንም ሳይቀይር «አስቀምጥ» የሚለውን ቢጫን ረድፉ እያለ መልሱ 0 ሊሆን ይችላል፤ ኮዱ ይህን አይቶ «መዝገብዎ አልተገኘም» ቢል፣ ምንም ያላጠፋ ሰው መረጃው የጠፋ መስሎት ይደነግጣል። ትእዛዙ በእውነት ሲከሽፍ ፍሬምወርኩ አብዛኛውን ጊዜ ኤክሴፕሽን (የስሕተት ምልክት) ያስነሣል እንጂ 0 ብሎ አያልፍም። ስለዚህ የረድፉን መኖር ማወቅ የሚፈልግ ሰው መኖሩን ለይቶ ቢጠይቅ ይሻላል እላለሁ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ቁጥሩ በየትኛውም ዳታቤዝና ፍሬምወርክ አንድ ትርጉም አለው።

እውነታው፦ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ሌላው ዳታቤዝ በማሻሻያው የተጻፈውን ረድፍ፣ አዲሱ ዋጋ ከቀድሞው ጋር አንድ ቢሆንም እንኳ፣ ይቆጥረዋል። ማይኤስኪውኤልም ቢሆን የሚያገናኘው ፕሮግራም የተገኙትን ረድፎች እንዲቆጥር ካዘዘው እንዲሁ ያደርጋል። ጃንጎ የተባለው ፍሬምወርክ ይህን ትእዛዝ ራሱ ይሰጣል፤ በፒዲኦ (ከዳታቤዝ ጋር በሚያገናኘው የፒኤችፒ መሣሪያ) በኩል የሚሠራው ላራቬል የተባለው ፍሬምወርክ ግን በቅንብሩ ካልተነገረው በቀር አይሰጥም። በዚህም የተነሣ አንድ ዓይነት ማሻሻያ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ከጃንጎ ሲላክ 1፣ ከላራቬል ሲላክ 0 ሊመልስ ይችላል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ለአንድ ረድፍ ከ1 በላይ ሊመለስ አይችልም።

እውነታው፦ በማይኤስኪውኤል «አስገባ፣ ካለ አሻሽል» የሚለው ትእዛዝ አዲስ ረድፍ ሲያስገባ 1፣ ነባሩን ሲለውጥ 2 ይመልሳል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ ፋይዳ የለውም።

እውነታው፦ ቁጥሩ እጅግ የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ሁለት ሰዎች አንድን መዝገብ በአንድ ጊዜ ሲያርሙ የኋለኛው የፊተኛውን ሥራ እንዳይደመስስ፣ ረድፉ የእትም ቁጥር ይሰጠውና ማሻሻያው ያ ቁጥር ካልተለወጠ ብቻ እንዲፈጸም ይደረጋል። እያንዳንዱ ማሻሻያ የእትም ቁጥሩን በ1 ስለሚጨምር የተገኘው ረድፍ ሁልጊዜ ይለወጣል፤ «ተገኘ» እና «ተለወጠ» የሚሉት ሁለቱ አቆጣጠሮች እዚህ ላይ ይገጥማሉ፣ 0ም ሌላ ሰው ረድፉን ቀድሞ እንደለወጠው ወይም እንደሰረዘው ይነግረናል።