ሸዋ ሮቢት፦ ከቤተሰብ ጋር ወንዝ ዳር ማረፍ

ሸዋ ሮቢት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። «ልጆቹን ይዘን ለዕረፍት ሸዋ ሮቢት ልንሄድ ነው» ስትሉ የሚስቅባችሁ አይጠፋም። ይሳቅ። አገሩ የሙቀት፣ የፍራፍሬና የወንዝ አገር ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ቀወት ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ነው፤ ማለትም ቆላ ነው። ሐይቅ የለውም። ጀልባ የለውም። ያለው የሮቢ ወንዝና በሱ ውሃ የሚጠጣው ማሳ ነው። ከተማው ራሱ የባጃጅና የአይሱዙ ጩኸት አያጣውም፣ ግን ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ስትሉ ሽንኩርት የሚኮተኩት ገበሬና የወፍ ድምፅ ብቻ ይቀራል።

ለእኔ ግማሹ ዕረፍት መንገዱ ላይ ነው። ማልዳችሁ ከተነሳችሁ ቁርስ ደብረ ብርሃን ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር ላይ። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር ስለማያንስ ብርዷ አጥንት ይገባል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚያ መተከሉ አይገርምም። ከዚያ ሜዳውን አልፋችሁ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። እዚህ ጉም አለ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው ዋሻ አለ። ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ልጆች መጨረሻው እስኪታይ ድረስ ይጮኹበታል። ጣርማ በር የውሃም ድንበር ነው። በምዕራብ በኩል የወረደው ዝናብ በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ በምሥራቅ በኩል የወረደው ደግሞ አዋሽን ይቀላቀላል። እናንተም ከምሥራቁ ውሃ ጋር ቁልቁል መውረድ ትጀምራላችሁ።

ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሚወርደው ግን 2,000 ሜትር ገደማ። ይህንን ከማንም በላይ የምታሳየኝ እናቴ ናት። ዋሻው ጋ በጋቢዋ ተጀቡና ከንፈሯ ብቻ ነው የሚታየው። ደብረ ሲና ላይ ጋቢው ትከሻ ላይ ይወርዳል። አርማንያ የምትባለውን ከተማ ስናልፍ ታጥፎ ጭኗ ላይ ይቀመጣል። ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ በነጠላዋ ጫፍ እያራገበች «ኧረ መስኮቱን ክፈቱት፣ ልትገድሉኝ ነው እንዴ!» ትላለች። የቁልቁለቱን መንገድ የማያውቅ ሾፌር ግን ፍሬን ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም፣ በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው። ጆሮ ሲደፈን ለልጆች ማስቲካ ስጧቸው።

የመሄጃው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። የክረምቱ ዝናብ አልፏል፣ ቀኑ ሞቃት ነው፣ ማታው ቀለል ይላል። ከመጋቢት ወዲያ ሙቀቱ ለሕፃንና ለአዛውንት ይከብዳል። የገና ሰሞን ከሆነ አልጋ አስቀድማችሁ በስልክ ያዙ፣ መንገደኛ የሚያድርበት ከተማ ስለሆነ ማታ ደርሶ መፈለግ ጣጣ አለው። አልጋ ስትይዙ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ውሃ፣ አጎበር፣ ማራገቢያ። እኛ አንድ ጊዜ ሳንጠይቅ ገባንና ቧንቧው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያፏጭ ከረመ። ወንዝ ዳር ለዕረፍት ሄደን በጀሪካን ታጠብን። ዋጋው ላይ ግን አንድ ብር አልተቀነሰም።

ወንዝ ዳር መዋል ብዙ ዕቃ አይፈልግም። ሰሌን ወይም ላስቲክ፣ የቡና ዕቃ፣ ፔርሙዝ፣ ዳቦ፣ ለልጆች ቅያሪ ልብስ። ጥላ ያለው ዛፍ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚይዘው። የሰው ማሳ ጠርዝ ላይ ከሆናችሁ ባለቤቱን «እንደምን ዋሉ» ብላችሁ አስፈቅዱ፤ የቦዩን አፈር ልጆች እንዳይንዱት፣ ያ ውሃ በተራ የሚጠጣ ነው፣ ተራውን ሌሊት ጠብቆ የወሰደ ገበሬ የናንተ ልጅ ጭቃ ሲያቦካበት አይስቅም። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ማሾው፣ ፓፓያው በሙሉ በዚህ ውሃ ነው የሚያድረው።

አሁን ዋናው ነገር። ቆላ ወንዝ የሚሞላው በቆላ ዝናብ አይደለም። እናንተ ጋ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ላይ ጣርማ በር በኩል ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ያ ውሃ በገደሉ ተንደርድሮ ሲደርስ ደራሽ ይባላል፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ምንጣፍ ወንዙ መሐል ያለው ደረቅ አሸዋ ላይ አይነጠፍም፣ ምንም ያህል ቢያምር። ዳር፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀመጡ። ተራራው በኩል ሰማዩ ከጠቆረ፣ ወይም ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ከደፈረሰና ጭራሮና ቅጠል ማምጣት ከጀመረ፣ ጀበናውን ትታችሁም ቢሆን ውጡ። የአገሬው ሰው ከብቱን ሲያወጣ ካያችሁ ለምን ብላችሁ አትጠይቁ። መኪናም ቢሆን ወንዙ ውስጥ አቁሞ ማጠብ ልማድ ሆኗል፤ ይቅርባችሁ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ጤና ነው። ወባ አለ፣ በተለይ ክረምቱ እንደወጣ። ማታ እጅጌ ረዥም ልብስ፣ ሌሊት አጎበር፤ ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ቆላ እንደነበራችሁ ንገሩት። ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታም አካባቢው ላይ የታወቀ ነው። ትሉ በቀንድ አውጣ በኩል ነው የሚዛመተው፣ ረጋ ባለና ሣር ባለበት ውሃ ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል። መድኃኒት አለው፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ ሆኖም ልጆችን ረግቶ የተኛ ኩሬና ቦይ ውስጥ አለማስገባት ይቀላል። ውሃ ያማራቸውን በባልዲ እየቀዳችሁ አጫውቷቸው ማለት ደግሞ አይሠራም፣ ያው ውሃ ነው። ከቧንቧ የተቀዳ ጀሪካን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ትንሽ ጨዋታ ያጠፋል፣ አውቃለሁ።

ምግቡ እንደ ማንኛውም የመንገድ ከተማ ነው፤ ጥብስ፣ ሽሮ፣ ፓስታ። የሚለየው ጁሱ ነው። ፓፓያና ማንጎ ከማሳው በቅርብ ስለሚመጣ ስኳር አይፈልግም።

መቀመጥ የሰለቸው ካለ ዙሪያው ባዶ አይደለም። ወደ ኋላ ደብረ ሲና አጠገብ የወፍ ዋሻ ደን አለ፣ ጽድና ኮሶ ያለበት ጥንታዊ ደን። ወደ ፊት ከአጣዬ አለፍ ብሎ ሰንበቴ የእሁድ ገበያ ናት፤ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኙባት፣ ከግመል እስከ በርበሬ የሚሸጥባት። አንኮበርና የመንዝ ጓሳ ግን ከዚህ ጋር በአንድ ጉዞ አይደባለቁ። ደጋ ናቸው፣ ሌላ ልብስ፣ ሌላ ቀን ይፈልጋሉ፣ እናቴም ጋቢዋን በቀን አራት ጊዜ አትለብስም።

አንድ የማይደበቅ ነገር አለ። ይህ መስመር ባለፉት ዓመታት ብዙ ተጎድቷል፤ አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች፣ ከዚያም በኋላ ጦርነት አልፎበታል። መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ይኖራል። ከመነሳታችሁ በፊት ዋዜማውን በዚያ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ፣ ጥርጥር ካለ ጉዞውን ለሌላ ቀን አስተላልፉ፣ ከሄዳችሁም በጠራራ ፀሐይ ሂዱ እንጂ ማታ አትጓዙ።

ስትመለሱ ፓፓያ መግዛታችሁ አይቀርም። የበሰለውን እዚያው ብሉት። ለቤት የሚሆነው ቆዳው ላይ ቢጫ ገና ጣል ጣል ያለበት ነው። በጋዜጣ ጠቅልሉና ከሻንጣ በላይ አድርጉት፤ ከታች ከሆነ ጣርማ በር ሳትደርሱ መኪናው ጁስ ቤት ይሆናል። ጋቢውንም ከዕቃ ሥር አትቅበሩት፣ ደብረ ሲና ላይ መፈለጉ አይቀርም።