አቅጣጫ በተራራ የሚለይበት የባሊ መንደር

የኢንዶኔዥያዋን ባሊ ብዙዎቻችን የምናውቃት በባህር ዳርቻዋና በቱሪስቶቿ ነው። መንደሮቿን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ኮምፓሱን ኪስ ውስጥ መክተት ይሻላል። እዚያ ዋናው አቅጣጫ ካጃ ነው፣ ወደ ተራራው ማለት። ተቃራኒው ከሎድ ወደ ባህሩ ነው። ፀሐይ የምትወጣበት ካንጊን፣ የምትጠልቅበት ካውህ ይባላል። ከተራሮቹ ሁሉ የሚከበረው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ አጉንግ ሲሆን፣ የአማልክት ማደሪያ ነው ተብሎ ይታመናል።

የሚገርመው እዚህ ጋ ነው። ተራሮቹ መሃል ስላሉ በደቡብ የሚኖር የዴንፓሳር ሰው ካጃ ሲል ወደ ሰሜን ይጠቁማል፤ በሰሜን ጠረፍ ያለው የሲንጋራጃ ሰው ደግሞ በዚያው ቃል ደቡብን ያሳያል። ሁለቱም ልክ ናቸው! ቃሉ ለጸሎት ብቻ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፤ ቤት ውስጥም ዕቃ ሲያቀባብሉ በግራና በቀኝ ፈንታ ካጃና ከሎድ ይላሉ። አቅጣጫው የጠፋበት ሰው ፓሊንግ ሆነ ይባላል፣ ይህም መንገድ ከመሳት አልፎ መደናበርንም ይጨምራል።

መንደሩ ሲቆረቆር ይህንኑ ይከተላል። በተራራው በኩል የመሥራቾቹ ቤተ መቅደስ ፑራ ፑሴህ፣ መሃል ላይ የመንደሩ ቤተ መቅደስ ፑራ ዴሳ፣ ወደ ባህሩ ደግሞ ከመቃብሩ አጠገብ የሙታን ቤተ መቅደስ ፑራ ዳለም። ባንግሊ አውራጃ ያለችው ፔንግሊፑራን መንደር በአንድ ቀጥ ያለ መንገድ ይህን ሁሉ ታሳያለች፤ ቤተ መቅደሱ ከላይ፣ መቃብሩ ከታች፣ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው።

ግቢው ደግሞ እንደ ሰው አካል ይታያል፣ ራስ፣ ወገብ፣ እግር አለው። የቤተሰቡ መቅደስ ካጃና ካንጊን የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው፤ በደቡብ ባሊ ይህ ሰሜን ምሥራቅ ሲሆን በሰሜን ጠረፍ ደቡብ ምሥራቅ ይሆናል። ማድቤቱና ቆሻሻው ወደ ከሎድ ይሄዳሉ። ሲተኙም ራስ ወደ ካጃ ወይም ወደ ካንጊን ነው፣ እግርን ወደ ተራራው መዘርጋት ነውር ነው። ልኩን የሚያወጣው ኡንዳጊ የሚባለው ባህላዊ ባለሙያ ሲሆን መለኪያው የአባወራው ገላ ነው፦ የተዘረጉ ክንዶቹ፣ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ፣ ጭብጡ። በሩ ጀርባ ክፉ መንፈስ ዘው ብሎ እንዳይገባ አሊንግ አሊንግ የሚባል አጭር ግንብ ይቆማል፤ ለጎረቤት ዓይንም ሳይጠቅም አይቀርም።

ተራራው በማይታይበት ቦታስ? እ.ኤ.አ. በ1963 አጉንግ ሲፈነዳ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሱማትራና ሱላዌሲ ደሴቶች ሄደው ሰፈሩ። እዚያ አጉንግ የለም፤ ስለዚህ የአካባቢውን ከፍታ ወይም ፀሐይ መውጫውን ይዘው መቅደሳቸውን ሠሩ። ካንጊን የትም ቢሄዱ አይጠፋም።

በባሊ ደሴት ላይ ፈተናው ሌላ ነው። የባህሩ ወገን በክብር ዝቅተኛው ነው ቢባልም ዛሬ ሆቴሉና ዶላሩ ያለው እዚያ ነው። ሳኑር በምትባለው የባህር ዳርቻ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባለ 10 ፎቅ ሆቴል ከተሠራ በኋላ ግን ሕንፃ ከኮኮናት ዛፍ እንዳይበልጥ ተብሎ 15 ሜትር ወሰን ተደረገ። ዴንፓሳር ውስጥ ደግሞ ቦታ የጠበበው ሰው መቅደሱን ጣሪያ ላይ ያወጣዋል፣ ያችኑ የካጃና የካንጊን ማዕዘን ፈልጎ።