የንብርብር ብረት ምንድን ነው? ጥለቱ የሚወሰነው ገና ብረቱ ሲመረጥ ነው

«የደማስቆ ቢላዋ» እየተባለ ኢንተርኔት ላይ የሚታየው፣ ገላው ላይ ሞገድ የመሰለ ጥለት ያለው ቢላዋ፣ ጥለቱ የተቀባም የተቀረጸም አይደለም። ሁለት ዓይነት ብረት ተራ በተራ ተደርድሮ፣ ግሎ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ አንድ አካል ሲሆን የሚመጣ ነው። ባለሙያው 15 ቁራጭ ካጣበቀ በኋላ ቀጥቅጦ ያስረዝመዋል፣ ለሁለት ቆርጦ ይደርበዋል፤ 15ቱ 30፣ ከዚያ 60፣ 120፣ 240 ይሆናሉ። የጥንቱ የደማስቆ ሰይፍ ግን ሌላ ነው። እሱ የሚሠራው በማቅለጫ ዕቃ ውስጥ ከቀለጠ ብረት ስለሆነ ጥለቱም ከዚያው ከብረቱ ውስጥ ይወጣል።

ታዲያ የትኞቹ ሁለት ብረቶች ይመረጡ? ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ለስላሳ፤ ጠንካራው ይቆርጣል፣ ለስላሳው እንዳይሰበር ይይዛል» የሚል ነው። ሲሰሙት ያሳምናል፣ ግን ልክ አይደለም። ብረቶቹ እንዲጣበቁ ወደ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጋል አለባቸው፤ በዚህ ሙቀት ብረትን የሚያጠነክረው ካርቦን ባለበት አይቆይም። ከበዛበት ንብርብር ወደ አነሰበት ይሄዳል፣ ንብርብሮቹ ቀጭን ከሆኑ ደግሞ ቶሎ እኩል ይሆናል። 0.95 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት 0.1 በመቶ ካለው ጋር እኩል በእኩል ቢደረደር፣ በመጨረሻ የሚገኘው ዳር እስከ ዳር 0.5 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ነው። ጠንካራ የተባለው ንብርብር ስለቱን የሚያቆየውን ካርቦን አጥቷል፣ ለስላሳውም ለስላሳ አይደለም።

ባለበት የሚቆየው ኒኬል ነው። በጋለ ብረት ውስጥ እንቅስቃሴው እጅግ ዝግ ያለ ስለሆነ የንብርብሮቹ ድንበር ሳይደበዝዝ ይቆያል። ዛሬ በሰፊው የሚመረጠው ጥንድ 1084 እና 15ኤን20 የተባሉት የብረት ዓይነቶች የሆኑትም ለዚህ ነው። 1084 ካርቦኑ 0.84 በመቶ ገደማ ነው። የእንጨት መሰንጠቂያ መጋዝ የሚሠራበት 15ኤን20 ደግሞ 0.75 በመቶ ገደማ ካርቦንና 2 በመቶ ያህል ኒኬል አለው። ካርቦናቸው ስለሚቀራረብ ቢቀላቀልም ጉዳት የለውም። ሁለቱም ከ800 ዲግሪ ትንሽ ባለፈ ሙቀት ግለው ዘይት ውስጥ ሲነከሩ ይጠነክራሉ። ይህ መመሳሰል እንደ ጥለቱ ሁሉ ወሳኝ ነው፤ ሲቀዘቅዙ ባሕርያቸው በጣም ከተለያየ ቢላዋው ይጣመማል ወይም በመጋጠሚያው ይሰነጠቃል።

ቢላዋው ተስሎ ሲያበቃ ገና አንድ ወጥ ብረት ይመስላል። ጥለቱ የሚወጣው ፌሪክ ክሎራይድ የተባለ ብረት የሚበላ አሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር ነው። ፈሳሹ 1084ን በልቶ ያጠቁረዋል፤ ኒኬል ያለበት ንብርብር ተቋቁሞ ያበራል። ረዘም ላለ ጊዜ ከተነከረ ከፍታና ዝቅታው በጥፍር ይዳሰሳል። የኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት አንጥረኞች ይህን ከዘመናዊው ኬሚስትሪ በፊት ያውቁት ነበር፦ ፕራምባናን አካባቢ ከወደቀው፣ ኒኬል ካለበት የሰማይ ብረት ወስደው ክሪስ የተባለውን ጩቤ ይሠሩበት ነበር። ጩቤውን በአርሴኒክና በሎሚ ጭማቂ ሲያጥቡት ብረቱ ይጠቁራል፣ ኒኬሉ ያበራል።

ንጹሕ ኒኬል ግን አይመከርም። እጅግ ያበራል፣ ነገር ግን አይጠነክርም፤ ስለቱ ላይ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ቢላዋው ይደንዛል። ክሮም የበዛበት ብረትም ያስቸግራል፦ ሲግል ላዩ ላይ የሚፈጠረውን ሽፋን ቦራክስ (መጋጠሚያውን ለማጽዳት የሚነሰነሰው ዱቄት) በቀላሉ አያነሳውም፣ ስለዚህ መጋጠሚያው አይይዝም።

እኛ አገር ቅርብ ያለው የመኪና ባሌስትራ ነው። ብዙዎቹ ባሌስትራዎች 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላላቸው ብቻቸውን ጥሩ ገጀራ ይሆናሉ፤ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ቁርጥራጭ ጋር መደረብ ግን ዕድል መሞከር ነው። ከመደረብ በፊት ከእያንዳንዱ ትንሽ ቆርጦ፣ ማግኔት መያዝ ከሚያቆምበት ትንሽ አልፎ እስኪግል አሙቆ፣ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ መንከር ይገባል። ከዚያ በሞረድ ይፈተሽ። ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፤ ከነከሰ ለስለት አይሆንም።